የመጀመሪያዎቹን የማስተማር ዓመታት በማስታወሻ ደብተርና በተማሪ አስተያየት መምራት፦ ለሀዋሳ አዳዲስ መምህራን የአሠራር መመሪያ

በሀዋሳ ከተማ በሚገኝ ትምህርት ቤት ዘንድሮ ተመድበው ማስተማር የጀመሩ መምህር ከሆኑ ከምደባው ጋር አብሮ የሚመጣ አንድ ግዴታ አለ። በትምህርት ሚኒስቴር የተከታታይ ሙያዊ ማሻሻያ ማዕቀፍ መሠረት አዲስ መምህር የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ልምድ ባለው አማካሪ መምህር እየተደገፈ የሙያ ትውውቅ መርሐ ግብር ይከታተላል፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ በየዓመቱ ቢያንስ 60 ሰዓት ለሙያ ማሻሻያ እንዲያውል ይጠበቅበታል። ማዕቀፉ ሥራውን አራት ደረጃዎች ባሉት ዑደት ያስቀምጠዋል፤ እነሱም ፍላጎትን መተንተን፣ ማቀድ፣ መተግበርና መገምገም ናቸው። በወረቀት ላይ እንከን አይወጣለትም። ችግሩ ዑደቱ በብዙ ቦታ የሚዞረው ዓመቱ ሊያልቅ ሲል፣ ሱፐርቫይዘር ሊመጣ ነው ተብሎ በአንድ ከሰዓት በኋላ በሚሞላ ፖርትፎሊዮ (የመምህሩ የሥራ ማስረጃዎች ማኅደር) ውስጥ ብቻ መሆኑ ነው።

ይህ መመሪያ ዑደቱን ከመስከረም ጀምሮ በተግባር ማዞር ስለሚቻልበት መንገድ ነው። የሚያስፈልገው ከማንኛውም የጽሕፈት መሣሪያ መደብር የሚገዛ ባለ 50 ሉክ ደብተር፣ አንድ ባዶ ካርቶንና ክፍል ገብቶ ሊያይዎት ፈቃደኛ የሆነ አንድ ባልደረባ ነው። አካሄዱም ቀላል ነው፤ መምህሩ ያየውን በዕለቱ ይጽፋል፣ ተማሪዎቹ ያዩትን በየጊዜው ይጠይቃል፣ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ አንድ ነገር ብቻ ይለውጣል፣ የለወጠውንም ለተማሪዎቹ ይነግራል። አብዛኛው ሰው የሚዘለው የመጨረሻውን ነው፤ እኔ ግን ሁሉም ነገር የሚቆመው በእሱ ላይ ነው እላለሁ።

አንደኛ እርምጃ፦ ደብተሩን መጀመር

ደብተሩ የግል ነው። የፖርትፎሊዮ አካል አይደለም፣ ለርዕሰ መምህሩም ሆነ ለትምህርት ክፍሉ ኃላፊ አይቀርብም። ይህን ከመጀመሪያው መወሰን ያስፈልጋል፤ ሰው ሌላው እንደሚያነብበት እያወቀ የሚይዘው ማስታወሻ ቀስ በቀስ ሪፖርት ይሆናል፣ ሪፖርት ደግሞ ዘወትር «ትምህርቱ በዕቅዱ መሠረት ተሰጥቷል» ብሎ ነው የሚያበቃው።

የሚያስተምሩትን ክፍል ሁሉ ለመመዝገብ አይሞክሩ። አምስት ወይም ስድስት ሴክሽን የያዘ መምህር በየክፍለ ጊዜው ልጻፍ ቢል ሳምንት ሳይሞላው ይተወዋል። ከያዟቸው ሴክሽኖች አንዱን ይምረጡና በሳምንት ሁለት ጊዜ ብቻ ስለእሱ ይጻፉ፤ የሚመረጠውም ከሁሉ የሚቀለው ወይም ከሁሉ የሚያስቸግረው ሳይሆን መካከለኛው ቢሆን ይሻላል። ጽሑፉ በዕለቱ፣ ከተቻለም ከክፍሉ ቀጥሎ ባለው ክፍት ክፍለ ጊዜ ይጻፍ። ቤት ደርሼ እጽፈዋለሁ ያለ ሰው ገና ባጃጅ ላይ ሳለ ግማሹን ረስቶታል።

የሚመለሱት ጥያቄዎች ሦስት ናቸው፤ ምን ላደርግ አስቤ ነበር? ምን ሆነ? ለምን ይመስለኛል? ሁለተኛውንና ሦስተኛውን መለያየት ከሚመስለው በላይ ይከብዳል። አሜሪካዊው ፈላስፋ ዶናልድ ሾን እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተመው ሥራው ባለሙያ ሥራው ላይ እያለ የሚያስበውን ሥራው ካለቀ በኋላ መለስ ብሎ ከሚያስበው ለይቶ አስረድቷል። የመጀመሪያው ልምድ ያለው መምህር ሳይታወቀው የሚያደርገው ነው፤ ክፍሉ ሲያዛጋ ያያል፣ ምሳሌውን እዚያው ይቀይራል። ጀማሪ መምህር ግን ሰሌዳውንና ሰዓቱን እየተከታተለ፣ የኋላ ወንበሩን ጫጫታ እየተቆጣጠረ፣ በዚያ ላይ ስለ አስተምህሮው ለማሰብ ትርፍ አእምሮ አይተርፈውም። ስለዚህ መጀመሪያ ሊተማመንበት የሚገባው ሁለተኛውን፣ ማለትም ደብተሩ ላይ የሚደረገውን ማሰብ ነው።

አንድ የማስታወሻ ገጽ ምን እንደሚመስል ለማሳየት የ9ኛ ክፍል የጂኦግራፊ መምህር ሊጽፈው የሚችለውን እንውሰድ፦

«ማክሰኞ፣ 4ኛ ክፍለ ጊዜ፣ 9ኛ ቢ። የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች። ‹የሀዋሳ ሐይቅ ጥቁር ውኃ ወንዝ ይገባበታል፣ በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ ግን የለውም፤ ታዲያ እንደ ሻላ ጨዋማ ያልሆነው ለምንድን ነው?› ብዬ በእንግሊዝኛ ጠየቅሁ። ማንም እጁን አላወጣም። ውኃው ከመሬት በታች እየሰረገ ስለሚወጣ ጨው እንደማይከማችበት ራሴ ተናገርኩ። ደብተራቸው ላይ ጻፉ። እነዚህ ልጆች አያነቡም።»

ከመጨረሻው ዓረፍተ ነገር በስተቀር ገጹ ጥሩ ነው፤ የተጠየቀው፣ የተደረገውና ያልተደረገው በግልጽ ሰፍሯል። «እነዚህ ልጆች አያነቡም» የሚለው ግን መምህሩ ያየው ነገር አይደለም፣ የሰጠው ፍርድ ነው። እንዲህ ያለው ፍርድ አንዴ ከተጻፈ ሌላ ምክንያት መፈለግን ያስቀራል። ማስተካከያው ከባድ አይደለም፤ «ለምን ይመስለኛል» በሚለው ሥር ሁልጊዜ ቢያንስ ሁለት ምክንያት ይጻፉ፣ ከሁለቱም አንዱ ከራስዎ አሠራር ጋር የተያያዘ ይሁን። አላነበቡ ይሆናል፤ ጥያቄው በእንግሊዝኛ በመቅረቡ አልተከተሉት ይሆናል፤ ለማሰብ ጊዜ አላገኙ ይሆናል። ሐይቁን በየቀኑ የሚያይ ልጅ ስለ ሐይቁ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ መቅረቱ እንዲሁ የሚታለፍ ነገር አይደለም።

ሁለተኛ እርምጃ፦ የመቀመጫውን ሥዕል በነጥብ መሙላት

በአንድ ዴስክ ሦስት ሦስት ሆነው የሚቀመጡ በርካታ ተማሪዎች ባሉበት ክፍል ማን እንደተሳተፈ ከትውስታ መናገር አይቻልም። መምህሩ ሁሉንም ያሳተፈ ይመስለዋል፤ ያሳተፈው ግን ብዙ ጊዜ ከፊት ያሉትንና በስም የሚያውቃቸውን ነው። በደብተሩ የመጨረሻ ገጽ ላይ የዴስኮቹን አቀማመጥ ይሳሉ። በአንድ ክፍለ ጊዜ ውስጥ መልስ ለሰጠ ወይም ለጠየቀ ተማሪ በመቀመጫው ላይ አንድ ነጥብ ያስቀምጡ። ሦስት ክፍለ ጊዜ ያህል ከተደረገ በቂ ነው፤ ሥዕሉ የኋላው ረድፍ ባዶ መሆኑን፣ በመስኮት በኩል ያሉት ሴት ተማሪዎች አንድም ነጥብ እንደሌላቸው፣ ወይም አንድ ጎበዝ ልጅ ክፍሉን ብቻውን ተሸክሞት እንደሚውል ያለ ተጨማሪ ማብራሪያ ያሳያል።

ሦስተኛ እርምጃ፦ ተማሪዎቹን በብጣሽ ወረቀት መጠየቅ

ሥራው የሚሳካውም የሚበላሸውም በአብዛኛው እዚህ ላይ ስለሆነ በዚህኛው ክፍል ረዘም ብሎ መቆየት ተገቢ ነው።

በመጀመሪያ ጊዜው ይታሰብበት። ትምህርት በተጀመረ በሁለተኛው ሳምንት አስተያየት የጠየቀ መምህር የሚያገኘው ሰላምታ ነው፤ ተማሪዎቹ ገና አያውቁትም። አንድ ወር አካባቢ ሲሆን መጠየቅ ጥሩ ነው። ፈተና በተሰጠበትና ውጤት በተነገረበት ሳምንት አይሆንም፣ ምክንያቱም የሚጻፈው ስለ ማርክ ይሆናል። የታኅሣሥ ገብርኤል ክብረ በዓል ከተማዋን በእንግዳ በሚያጥለቀልቅበት ወይም ፍቼ ጨምበላላ በሚከበርበት ሰሞንም ቢሆን የክፍሉ ግማሽ ልቡ ሌላ ቦታ ነው። ተራ ሳምንት ይምረጡና ከክፍለ ጊዜው መጨረሻ ሰባት ወይም ስምንት ደቂቃ ያስቀሩ።

ቀጥሎ የጥያቄው ነገር አለ። «ጎበዝ መምህር ነኝ?» ወይም «ትምህርቱን ትወዱታላችሁ?» ተብሎ አይጠየቅም፤ መልሱ ይሉኝታ ነው። በእኛ ልማድ ታናሽ ለታላቁ ፊት ለፊት ጉድለቱን አይነግርም፣ ስም ባይጻፍበትም ይኸው ልማድ ወረቀቱ ድረስ ይከተላል። ስለ መምህሩ ሰውነት ሳይሆን ስለተሠራው ሥራ ሲጠየቅ ግን ተማሪው ይላቀቃል። ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለት ጥያቄ በቂ ነው፦ «ባለፉት ሁለት ሳምንታት ከተማርነው እስካሁን ያልገባህ/ያልገባሽ ነገር የትኛው ነው?» እና «በትምህርቱ አሰጣጥ ላይ ብለውጠው የሚረዳችሁ አንድ ነገር ምንድን ነው?»። ሁለተኛው ጥያቄ ላይ «አንድ» የምትለው ቃል ሥራ አላት፤ ያለእሷ ግማሹ ክፍል «ምንም የለም» ብሎ ይመልሳል።

አንድ ሉክ ወረቀት ለአራት ተቀዶ ይታደል። ተማሪው የደብተሩን ወረቀት እንዲገነጥል ማድረግ ጥሩ አይደለም፤ የተገነጠለበት ደብተርና የወረቀቱ መስመር ማን እንደጻፈው ይናገራሉ። ስም፣ ተራ ቁጥርና ጾታ አይጻፍም። ቋንቋውን ለተማሪው ይተዉለት። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ የማስተማሪያው ቋንቋ እንግሊዝኛ ቢሆንም አስተያየት የቋንቋ ፈተና አይደለም፤ በአማርኛም በሲዳምኛም ይጻፍ። ሲዳምኛ የማያነብ መምህር ወረቀቱን ከዚያው ክፍል ለሆነ ተማሪ አስነብብ ብሎ መስጠት የለበትም፣ የጓደኛውን እጅ ጽሑፍ ወዲያው ያውቀዋልና። ከሌላ ትምህርት ክፍል አንድ መምህር ቢያነብልዎት ይበቃል።

ወረቀቱን የሚሰበስበውም የክፍሉ አለቃ መሆን የለበትም። ካርቶኑ በሩ አጠገብ ይቀመጥ፣ እያንዳንዱ ሲወጣ አጥፎ ይጣልበት። እርስዎ በዴስኮቹ መካከል አይዘዋወሩ፤ ፊትዎን ወደ ሰሌዳው አዙረው ማጥፋት ይችላሉ፣ ያም ለተማሪው በቂ መልእክት ነው።

ከሁሉ በፊት ግን የሚነገር ነገር አለ። በሀገራችን ግምገማ ማለት ከረጅም ጊዜ ጀምሮ ሰው የሚነሣበትና የሚወርድበት ስብሰባ ሆኖ ኖሯል፤ በብዙ ትምህርት ቤቶችም ተማሪዎች መምህራቸውን በነጥብ የሚሞሉበት የሥራ አፈጻጸም ቅጽ አለ፣ ቅጹም ወደ ፋይል ይገባል። ተማሪው ይህኛውን ከዚያ ካልለየው ወይ ይፈራል ወይ ይበቀላል። ስለዚህ ወረቀቱ ከመታደሉ በፊት እንዲህ ማለት ይቻላል፦

«ይህ የትምህርት ቤቱ ቅጽ አይደለም። ለቢሮ አይሰጥም፣ ከማርክም ጋር አይገናኝም። የማነበው እኔ ነኝ፣ የማን ጽሑፍ እንደሆነም አልፈልግም። የፈተናውን ቀንና የመጽሐፉን ይዘት መለወጥ አልችልም፤ የማስተምርበትን መንገድ ግን እችላለሁ። በሚቀጥለው ሳምንት ያነበብኩትን እነግራችኋለሁ።»

በቴሌግራም ስለመጠየቅም የሚያነሱ አሉ። ስም የማያሳይ የምርጫ ጥያቄ በቴሌግራም ማዘጋጀት ይቻላል፣ «ፍጥነቱ እንዴት ነው? ይፈጥናል፣ ይዘገያል፣ ልክ ነው» ለሚል ዓይነት ጥያቄም ይጠቅማል። ሆኖም ስልክ የሌለው ተማሪ ከጨዋታ ውጭ ይሆናል፤ ሐሳቡን በራሱ ቃል ልጻፍ ያለውም መልእክቱ ከነስሙ ይታያል። ብጣሽ ወረቀቱን አይተካውም።

አራተኛ እርምጃ፦ ማንበብና መለየት

ወረቀቶቹ በመጀመሪያ ብዕር ሳይያዝ አንድ ጊዜ ሁሉም ይነበቡ። ይህን የምለው ጀማሪ መምህር ብዙውን ጊዜ ከሁሉም መካከል አንዱን መራራ ወረቀት ይዞ ስለሚያድር ነው። ሁለተኛው ንባብ የመለየት ሥራ ነው፤ ስለ ትምህርቱ ይዘት የተጻፉት፣ ስለ አሰጣጡ የተጻፉት፣ ስለ አድልዎና አክብሮት የተጻፉት፣ ከመምህሩ አቅም ውጭ የሆኑት ለየብቻ ይቀመጡ። የተሰበረ ዴስክና ያልደረሰ መጽሐፍ መጨረሻ የጠቀስኩት ውስጥ ይገባሉ፤ እነሱን ጠቅለል አድርጎ ለክፍሉ ኃላፊ መምህር ወይም ለምክትል ርዕሰ መምህሩ ማድረስ ነው እንጂ በራስ ላይ መውሰድ አያስፈልግም።

ስለ አነጋገር ዘዬ፣ ስለ አለባበስ ወይም ስለ መልክ የተጻፈ ካለ ይቀደድ። በተለይ ወጣት መምህርታት እንዲህ ያለ ወረቀት ሊያጋጥማቸው ይችላል፣ ስለማስተማራቸው የሚናገረው አንዳች ነገር የለም። «ድምፅዎ ከኋላ አይሰማም» የሚለው ግን ስለ ሰውነት ቢመስልም ስለ ሥራ ነው፤ ይያዝ። «በጣም ጎበዝ ነዎት፣ ቲቸር» የሚሉት ደስ ይላሉ፣ ነገር ግን ምን መቀጠል እንዳለበት ስለማይናገሩ ለሥራው አይጠቅሙም።

ስለ ይዘትና ስለ አሰጣጥ ሲሆን ብዛት ይቆጠራል፤ አንድ ሰው ፈጠነብኝ ቢልና ሌላው ክፍል ልክ ነው ቢል ፍጥነቱን መለወጥ አይገባም። በአድልዎና በክብር ጉዳይ ግን ቁጥር ሕግ አይሆንም። «ከእኛ ረድፍ ማንንም ጠይቀው አያውቁም» ወይም «ስሳሳት ሲያስቁብኝ ከዚያ በኋላ እጄን አላወጣሁም» የሚል አንድ ወረቀት ብቻ ቢኖርም ይበቃል፣ እንዲያውም የነጥብ ሥዕሉ የመጀመሪያው ቅሬታ እውነት መሆን አለመሆኑን ወዲያው ያሳያል። ከዚህ የባሰ ነገር፣ ማለትም አንድ ተማሪ ላይ ጥቃት እየደረሰ መሆኑን ወይም ራሱን ሊጎዳ እንደሚችል የሚጠቁም ወረቀት ከተገኘ ጉዳዩ የማስተማር ማሻሻያ መሆኑ ያበቃል፤ በዚያው ቀን ለትምህርት ቤቱ የምክር አገልግሎት ወይም ለርዕሰ መምህሩ መድረስ አለበት። ከዚህ በቀር ጸሐፊውን በእጅ ጽሑፉ መፈለግ ክልክል ነው ብለው ለራስዎ ይወስኑ። አንዴ የተገኘ ጸሐፊ ካለ ክፍሉ ያንን ያውቃል፤ ከዚያ በኋላ የሚጻፍልዎ ምስጋና ብቻ ይሆናል።

አምስተኛ እርምጃ፦ ደብተሩንና ወረቀቶቹን ጎን ለጎን ማስቀመጥ

ወደ ጂኦግራፊው መምህር እንመለስ። ከወረቀቶቹ መካከል እንዲህ የሚሉ ቢገኙ፦ «ጥያቄው ገብቶኝ ነበር፣ በእንግሊዝኛ እስካቀናብረው ድረስ እርስዎ መለሱት»፤ «የሐይቁን አውቀው ነበር፣ ግን በእንግሊዝኛ አላወቅኩትም»፤ «ቶሎ ቶሎ ይጠይቃሉ»። በደብተሩ ላይ «አያነቡም» ተብሎ የተጻፈው ነገር አሁን ሌላ መልክ ያዘ። ተማሪዎቹ እውቀቱ ነበራቸው፤ ያጡት ጊዜና መናገሪያ ቋንቋ ነው። ደብተሩ ባይኖር ኖሮ መምህሩ ወረቀቶቹ ስለየትኛው ቀንና ስለየትኛው ጥያቄ እንደሚያወሩ አያውቅም ነበር፤ ወረቀቶቹ ባይኖሩ ደግሞ ፍርዱ እንደጸና ይቀር ነበር።

ይህ ችግር የሀዋሳ ብቻ አይደለም። አሜሪካዊቷ የሳይንስ ትምህርት ተመራማሪ ሜሪ በድ ሮው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ባደረገችው ጥናት መምህራን ከጠየቁ በኋላ የሚጠብቁት በአማካይ አንድ ሰከንድ አካባቢ ብቻ መሆኑን አገኘች፤ ቆይታው ወደ ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲደርስ መልሶቹ እንደሚረዝሙና ዝም የሚሉት ተማሪዎች ቁጥር እንደሚቀንስም አሳየች። ሦስት ሰከንድ የሚያንስ ይመስላል፤ ሰሌዳ ፊት ቆሞ ለሚጠብቅ ጀማሪ ግን በጣም ረጅም ነው፣ ዝምታው የራሱ ድክመት ስለሚመስለው። በሁለተኛ ቋንቋ ለሚማር ተማሪ ደግሞ ከዚያም በላይ መጠበቅ ተገቢ ነው የሚል እምነት አለኝ።

እዚህ ላይ አንድ ለውጥ ብቻ ይመረጥ። ወረቀቶቹ ስለ እጅ ጽሑፍም፣ ስለ ቤት ሥራ ብዛትም፣ ስለ ቡድን ሥራም ያነሱ ይሆናል፤ ሁሉን ባንዴ የጀመረ መምህር የትኛው እንደሠራ አያውቅም፣ ብዙውን ጊዜም ሁሉንም ይተዋል። ለጂኦግራፊው መምህር የሚሆነው ለውጥ ይህን ሊመስል ይችላል፦ ጥያቄው ይጠየቃል፣ ሰሌዳው ላይም ይጻፋል፤ መምህሩ በልቡ እስከ አምስት ይቆጥራል፤ ከዚያ ተማሪዎቹ ለአንድ ደቂቃ ከጎናቸው ካለው ጋር በፈለጉት ቋንቋ ይነጋገሩበታል፤ ቀጥሎ በእንግሊዝኛ ይመልሳሉ፣ የጎደላቸውን ቃል መምህሩ ያቀብላል። ይህ በዕለት ትምህርት ዕቅዱ ውስጥ በጥያቄው አጠገብ ይጻፍ፤ ያልተጻፈ ነገር ክፍል ውስጥ ይረሳል። ከ40 ደቂቃው ክፍለ ጊዜ ላይ የሚወስደው ጊዜ ስላለ ከማብራሪያው የሚቀነሰውም አብሮ ይወሰን።

ስድስተኛ እርምጃ፦ ለተማሪዎቹ መመለስ

በአንድ ሳምንት ውስጥ፣ ከክፍለ ጊዜው መጀመሪያ ላይ ሦስት ደቂቃ ተወስዶ፣ ሦስት ነገር ይነገራል፦ ምን እንደተነበበ፣ ምን እንደሚለወጥ፣ ምን እንደማይለወጥና ለምን። ለምሳሌ «ብዙዎቻችሁ ለማሰብ ጊዜ እንዳልሰጠሁ ጽፋችኋል፤ ከዛሬ ጀምሮ ከጠየቅሁ በኋላ አንድ ደቂቃ ትነጋገራላችሁ። የቤት ሥራ ይቅር ያላችሁም አላችሁ፤ የቤት ሥራው አይቀርም፣ ምክንያቱም ያልገባችሁን የማየው በእሱ ነው፤ ነገር ግን ሐሙስና ዓርብ ላይ ደርቦ እንዳይመጣ አደርጋለሁ።» ይቅርታ ማብዛትም መከላከልም አያስፈልግም። በተለይ «እገሌ የሚባለው ክፍል ስለዚህ አላማረረም» ማለት የተሠራውን ሁሉ ያፈርሳል።

ተማሪ ጽፎ ምላሽ ካላየ በሁለተኛው ዙር ባዶ ወረቀት ይጥላል፣ ሊፈረድበትም አይገባም። ለውጡ ትንሽ ቢሆን እንኳ በሚታይ ነገር መጀመሩ የሚመከረው ለዚህ ነው፤ ሰሌዳው ላይ የሚጻፈው ፊደል ማደጉ በማግስቱ ይታያል፣ «ዝግጅቴን አሻሽላለሁ» የሚለው ቃል ግን አይታይም።

ሰባተኛ እርምጃ፦ ባልደረባን መጋበዝ

መደበኛው የክፍል ምልከታ ቅጽ ከመግቢያው እስከ ማጠቃለያው ሁሉንም ስለሚነካ መጨረሻው «በጥሩ ሁኔታ ላይ ይገኛል» ነው። እርስዎ የሚፈልጉት ሌላ ነው፤ አንድ ነገር ብቻ የሚያይ ሰው። አማካሪ መምህርዎ ሥራ ቢበዛባቸውም እንዲህ ያለ አጭር ጥያቄ እምቢ የሚሉ ጥቂቶች ናቸው፦

«ጋሼ፣ ሐሙስ ሁለተኛ ክፍለ ጊዜ ክፍት ከሆኑ 9ኛ ቢ ገብተው ከኋላ ቢቀመጡልኝ ደስ ይለኛል። ሌላውን ለሌላ ጊዜ እናቆየውና ከጠየቅሁ በኋላ ስንት ሰከንድ እንደምጠብቅ ብቻ ቢቆጥሩልኝ።»

ከዚያ በሻይ ሰዓት የሚነገርዎ ቁጥር ነው፣ ቁጥር ደግሞ አያስኮርፍም። አማካሪዎ ስለ ሌላም ነገር ምክር ከጨመሩ ያዳምጡ፣ ደብተሩ ላይ ይጻፉት፣ ለሚቀጥለው ዙር ያቆዩት። በምላሹ የእሳቸውን ክፍል ገብተው ማየትዎ ከምንም ሥልጠና ያላነሰ ያስተምራል፤ በተለይ ልምድ ያላቸው መምህራን ሳይታወቃቸው የሚያደርጉትን፣ ለምሳሌ ሲጠየቁ የት እንደሚቆሙና ዝም ላለው ረድፍ እንዴት እንደሚያዩ፣ በንግግር አይነግሩዎትምና።

ስምንተኛ እርምጃ፦ መሥራቱን ማጣራትና ወደ ፖርትፎሊዮው ማስገባት

ለውጡ ሦስት ወይም አራት ሳምንት ይሠራበት። ከዚያ በኋላ የሚጣራው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው የነጥብ ሥዕሉን እንደገና መሙላት ነው፤ ከዚህ በፊት ባዶ የነበረው ረድፍ ነጥብ አግኝቶ እንደሆነ ይታያል። ሁለተኛው ትምህርቱ መግባቱን ማየት ነው፤ በክፍለ ጊዜው መጨረሻ አንድ ጥያቄ ሰጥቶ በሁለት ዓረፍተ ነገር እንዲመልሱ ማድረግና መልሶቹን ማርክ ሳይሰጡ ማንበብ ይበቃል። ሁለተኛው የግድ የሚያስፈልገው ተማሪ የወደደው አሠራርና ተማሪ የተማረበት አሠራር ሁልጊዜ አንድ ስለማይሆኑ ነው። የቡድን ውይይቱን ሁሉም ወድዶት፣ መልሶቹ ግን እንደቀድሞው ባዶ ከሆኑ ውይይቱ ወደ ወሬ ተለውጧል ማለት ነው፤ የሚነጋገሩበት ጊዜ ያጥር ወይም ጥያቄው ይጥበብ።

አሁን ወደ ማዕቀፉ አራት ደረጃዎች ቢመለሱ ሁሉም ተሠርተው ያገኟቸዋል፤ ደብተሩና ብጣሽ ወረቀቶቹ ትንተናው ናቸው፣ የተመረጠው አንድ ለውጥ ዕቅዱ ነው፣ ሦስቱ ወይም አራቱ ሳምንታት ትግበራው ናቸው፣ ሁለቱ ማጣሪያዎች ግምገማው ናቸው። በፖርትፎሊዮው ውስጥ አንድ ገጽ ማጠቃለያ፣ ከለውጡ በፊትና በኋላ የተሞሉት ሁለት የመቀመጫ ሥዕሎች፣ የተለወጠው የዕለት ዕቅድ ቅጂና አማካሪው የፈረሙበት ምልከታ ይገባሉ። በሥዕሎቹ ላይ የተማሪ ስም አይኑር። ብጣሽ ወረቀቶቹ ግን አይገቡም፤ ለቢሮ አይሰጥም ብለዋልና ማጠቃለያው ከተጻፈ በኋላ ይቀደዱ። የወሰደውን ሰዓትም በየዙሩ ይመዝግቡ፤ የትውውቁ ሁለት ዓመት አልቆ ዓመታዊው 60 ሰዓት ሲጀምር፣ ከጀማሪ ወደ መለስተኛ መምህርነት ለማደግም ሰነድ ሲጠየቅ፣ ከትዝታ የሚሞላ ነገር አይኖርም።

በአንድ ወሰነ ትምህርት ሁለት ዙር ይበቃል። በሁለተኛው ወሰነ ትምህርት ደብተሩ ወደ ሌላ ሴክሽን ይዛወር፣ በተለይም መጀመሪያ ላይ አስቸጋሪ ነው ብለው ወደ ተዉት፤ የሚጠየቀው ጥያቄም ይለወጥ፣ ተማሪዎች ያንኑ ጥያቄ ለሦስተኛ ጊዜ ሲያዩ የሚጽፉት ባለፈው የጻፉትን ስለሆነ።